ውሃ በኪሎ ሲሸጥ
ካንሰር አምጪው ሻጋታ ከበርበሬ ተራ እስከ ለቡ መብራት ኃይል

በአዲስ አበባ ገበያ ዋጋ ያልወጣለት ነገር ቢኖር ድርቀት ነው። በርበሬ በቅላቱ፣ በማቃጠሉና በመጣበት አገር ዋጋ ይቆረጥለታል። የማረቆው ከአላባው፣ የአላባው ከጎጃሙ ተለይቶ ይጠራል። ነጋዴውም ደላላውም ዛላውን በእጁ ጨብጦ፣ አሽትቶና ዘሩን አይቶ ሒሳቡን ይናገራል። ከጆንያው ውስጥ ስንት በመቶው ውሃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ለአንዱ ወገን የሚዛን ትርፍ ሲሆን፣ ለሌላው ወገን ደግሞ የጉበት ካንሰር በር የሚከፍት ሆኖ ተገኝቷል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ መብራት ኃይል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከዚያ አንስቶ ወደ ጀሞ እስኪደረስ ድረስ ያለው አካባቢ የአዲስ አበባ አዲሱ ሸማች የሚኖርበት ነው። እናቶቻችን በጥር ወር ዛላ በርበሬ በኩንታልና በፈረሱላ ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ደልዘውና አስፈጭተው ዓመት ያደርሱ ነበር። የአፓርታማ ነዋሪ ግን ለማስጫ የሚሆን ግቢ የለውም፤ ጊዜም የለውም። ስለዚህ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ሚጥሚጣውን ተፈጭቶ ከባልትና ቤት በኪሎ ይገዛል። ወተቱን በላስቲክ፣ ለውዙን በትንንሽ ፌስታል ታስሮ ከሱቅ ያመጣል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ጊዜም ዋጋ አለው። ነገር ግን ከዛላ ወደ ዱቄት በተደረገው ሽግግር ሸማቹ አንድ ትልቅ ነገር አጥቷል። ዛላ ቢሻግት ይታያል፣ ቢረጥብ ሲጨበጥ ይታወቃል። ዱቄት ሲሆን ግን ሁሉም ቀይ ነው።

አፍላቶክሲን ምንድን ነው?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በመጀመሪያ ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታው “ኤክስ” የሚል ስም ተሰጠው። በኋላ ሲጣራ ጫጩቶቹ የበሉት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎበት ነበር። ሻጋታው ከሚያመነጫቸው መርዞች መካከል ቀንደኛው አፍላቶክሲን ቢ1 ይባላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ በዓ.ም. ከተገለጹት በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በምድብ አንድ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጡት ጎራ መድቦታል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። በዚሁ ምድብ ውስጥ ሲጋራ አለ፣ የአልኮል መጠጥ አለ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ አለ። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም። አንድ ቋሊማ የበላ ሰው አንድ ፓኬት ሲጋራ ካጨሰ ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም። በየጊዜው “ይህም ካንሰር ያመጣል፣ ያም ያመጣል” ተብሎ የሚወራው ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚታየው ይህ ልዩነት ስለሚዘለል ነው። በከሰል ላይ የሚያር ጥብስና ደጋግሞ የሚጠበስበት ዘይት የየራሳቸው ጣጣ ቢኖራቸውም፣ የአበሳሰል ጉዳይ በመሆናቸው ማብሰያ ቤቱ ራሱ ሊያርማቸው ይችላል። አፍላቶክሲን ግን ከምድጃው በፊት በመጋዘን ያለቀለት ጉዳይ ነው። ሽሮው ቢንተከተክ፣ ወተቱ ቢፈላ ወይም ፓስተራይዝድ ቢደረግ መርዙ አይጠፋም። ቆሎ መቁላት መጠኑን በከፊል ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያስወግደውም።

መጠኑ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ለመገመት ያስቸግራል። የሚለካው በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ባለው ማይክሮግራም ነው። በነጋዴ ቋንቋ ሲተረጎም አንድ ማይክሮግራም በኪሎ ማለት በ10 ሺህ ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለቅመማ ቅመም የፈቀደው የቢ1 ጣሪያ 5 ማይክሮግራም፣ ማለትም በ10 ሺህ ኩንታል በርበሬ ውስጥ 5 ግራም ብቻ ነው።

መርዙ ሁለት መልክ አለው። በብዛት በአንድ ጊዜ ሲበላ ጉበትን አቃጥሎ ይገድላል። በጎረቤት ኬንያ በ2004 የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ ዝም ብሎ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በተለይ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ አፍላቶክሲን የሚያመጣው የካንሰር አደጋ ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ወደ 30 እጥፍ እንደሚደርስ ተመራማሪዎች አስልተዋል። በአገራችን ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው በ2007 በመሆኑ፣ ዛሬ ሱቅ ከፍተው የሚነግዱትም ሆነ ሸማቾቹ አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ያላገኙት ናቸው።

በአገር ውስጥ የተገኘው

ጉዳዩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሀብታሙ ፉፋና ቀልቤሳ ኡርጋ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት ከአዲስ አበባ 60 የበርበሬ ዱቄትና 60 የሽሮ ናሙናዎችን መርምረዋል። በ8ቱ የበርበሬና በ5ቱ የሽሮ ናሙናዎች አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ብዙው ንጹሕ ነበር ማለት ነው። የተገኘባቸው ግን ቀላል መጠን አልነበረም። በበርበሬው ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም፣ በሽሮው ከ100 እስከ 500 ማይክሮግራም በኪሎ ነበር። ከላይ ከጠቀስነው የአውሮፓ ጣሪያ ጋር ሲነፃፀር በርበሬው ከ50 እስከ 105 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ይህ የዛሬ 30 ዓመት ገደማ የተጻፈ ነው።

ለውዙ የባሰ ነው። በ2013 የታተመው የእነ አለማየሁ ጫላ ጥናት በባቢሌ፣ በፈዲስ፣ በጉርሱምና በዳሮ ለቡ የተሰበሰቡ 120 የለውዝ ናሙናዎችን መርምሮ በ93ቱ ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል። (ዳሮ ለቡ የሐረርጌ ወረዳ ነው፤ ከእኛው ለቡ ጋር ስም ከመጋራት ሌላ ዝምድና የለውም።) ዝቅተኛው መጠን 15 ሲሆን ከፍተኛው ወደ 12 ሺህ ማይክሮግራም ይጠጋል። የለውዝ መርዝ እኩል አይሰራጭም። ከሺህ ፍሬ አንዷ ብቻ ጆንያውን በሙሉ ልታበላሽ ትችላለች። አውሮፓውያን ከአንድ ትልቅ ጭነት ከመቶ ቦታ ዝቀው እስከ 20 ኪሎ ናሙና የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው። በእፍኝ ናሙና “ንጹሕ ነው” የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካጋጠመዎ ከስንት ቦታ እንደተወሰደ ይጠይቁት።

ከሁሉም በላይ ገበያውን ያናጋው የወተቱ ጉዳይ ነበር። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተት ናሙና ወስደው መረመሩ። አፍላቶክሲን ኤም1 ያልተገኘበት አንድም ናሙና አልነበረም። የአውሮፓን ጣሪያ (0.05 ማይክሮግራም በሊትር) ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ አሜሪካ የምትፈቅደውን 0.5 እንኳ ያለፉ 29 ሆነው ተገኙ። ዜናው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በመገናኛ ብዙኃን ሲሰማ ብዙ ሸማች ከወተት ሸሸ። አርቢው ያለበውን የሚረከበው አጣ።

በዚያ ግርግር ውስጥ ሳይነገር የቀረው የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ነው። መርዙ ከላሟ አልመጣም፤ ከመኖዋ ነው። በተለይ የኑግ ፋጉሎ በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ቢ1 ሲገኝበት፣ ለብቻው የተመረመረው የስንዴ ፉርሽካ ከ31 አላለፈም። ላሟ ከምትበላው ቢ1 ጥቂት መቶኛው ኤም1 ወደተባለ ዘመዱ ተለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። ስለዚህ የወተቱ ችግር በአመዛኙ የአንድ ሸቀጥ፣ ይኸውም ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው ተረፈ ምርት፣ የአቀማመጥ ችግር ነበር። ሸማቹ ግን የቀጣው ወተቱን ነው። ፋጉሎ ሻጩን ማንም አልጠየቀውም።

የሚዛኑ ሒሳብ

ሻጋታ ለመብቀል ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፤ እርጥበቱን ግን ይቻላል። በርበሬ 10 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ቢከማች ሻጋታው አይንቀሳቀስም። በቆሎ እስከ 13 በመቶ ይታገሣል፤ የተፈለፈለ ለውዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ ይጠይቃል። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? መልሱ ከሚዛኑ ላይ ነው።

በደንብ የደረቀ ዛላ ሲጫንና ሲወርድ ይሰባበራል፣ ዘሩ ይረግፋል፣ አቧራው ያስነጥሳል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ውሃ ማርከፍከፍ የተለመደ ነው። ዛላው ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፤ በዚያውም ይከብዳል። ምን ያህል ይከብዳል የሚለውን እናስላ።

10 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በርበሬ ውስጥ 90 ኪሎው በርበሬ፣ 10 ኪሎው ውሃ ነው። ውሃ ተርከፍክፎበት እርጥበቱ 14 በመቶ ቢደርስ 90 ኪሎው በርበሬ አይለወጥም፤ ጠቅላላ ክብደቱ ግን 104.65 ኪሎ ይሆናል። ለስሌት እንዲያመች የኪሎውን ዋጋ 300 ብር ብናደርገው በአንድ ኩንታል ላይ 1,395 ብር ከውሃ ተገኘ ማለት ነው። 100 ኩንታል በጫነ መኪና ሲባዛ 139,500 ብር ይመጣል። ለዚህ የወጣው ወጪ ጥቂት በርሜል ውሃ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለውን ገበሬ እንመልከት። 14 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል አለው እንበል። ሸራ ገዝቶ፣ ቀን ከፍሎ፣ ማታ ሸፍኖ 10 በመቶ ቢያደርሰው ኩንታሉ ወደ 95.56 ኪሎ ይወርድበታል። በኪሎ ያው 300 ብር ከተከፈለው በጥንቃቄው ምክንያት 1,332 ብር ከስሯል። የሸራውና የጉልበቱ ወጪ ገና አልተቆጠረም። ከኪሳራ ለመዳን ብቻ እንኳ በኪሎ ከ4.6 በመቶ በላይ ጭማሪ ማግኘት አለበት። ይህን የሚከፍለው በሌለበት ገበያ በርበሬውን የሚያደርቅ ገበሬ ደግ ሰው ይባል ይሆናል እንጂ አትራፊ አይባልም።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ ነገር ከታወቀ ቆይቷል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ አስረድቶታል፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው የመካከለኛ ዋጋ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ጥሩውን የሚያቀርብ እየከሰረ ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። ከዛላ ወደ ዱቄት ያለፈው የለቡው ሸማች የገባው በዚህ ገበያ ውስጥ ነው።

ዱቄት የሚሰውረው እርጥበትን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ በ2005 ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከየመደብሩ የተሰበሰቡት፣ ሱዳን 1 የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም የገባበት የበርበሬ ዱቄት ወደ አንድ የማጣፈጫ ሶስ፣ ከሶሱም ወደ ሌሎች ምግቦች በመግባቱ ነበር። የነጣውን በርበሬ በቀለም ማቅላት በእኛ ዘንድ ብቻ የሚወራ እንዳይመስለን።

ደጅ ያለው ፍተሻ

የውጭ ገዢ እንደ እኛ ዝም ብሎ አይገዛም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው 1793 ቁጥር ደንብ የኢትዮጵያን በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሌሎች ቅመሞች በአፍላቶክሲን ምክንያት የተጠናከረ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ሸቀጦች ጋር መዝግቧቸዋል። በወቅቱ የተወሰነው የፍተሻ መጠን ከሚገባው ጭነት ግማሹ ነበር። ዝርዝሩ በየስድስት ወሩ ይከለሳል። ለላኪው ይህ ማለት ጭነቱ ወደብ ላይ ሲጠብቅ የሚቆጥረው ኪራይ፣ የላቦራቶሪ ክፍያና ሲከፋም ዕቃው ተመላሽ መሆን ነው። (በሻንጣ ተጭኖ ለዘመድ የሚሄደው በርበሬ ይህ ሁሉ አይነካውም። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ያለው የበርበሬ ንግድ ግማሹ በእናቶች ሻንጣ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም።)

እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባው የገበያው አቅጣጫ ነው። ለውጭ የሚሆነው እየተመረጠ ሲወጣ የተለቀመው ወዴት ይሄዳል? በተለይ በለውዝ፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ በእጅ መልቀም መርዙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መርዙ የሚከማቸው በነዚያው ፍሬዎች ውስጥ ነውና። ነገር ግን ተለቅሞ የወጣው ካልተቃጠለ በርካሽ ተሸጦ፣ ተፈጭቶ ይመለሳል። ሲፈጭ ደግሞ ማንም አያየውም። ለቅሞ መሸጥ ብቻውን መርዙን ከሀብታሙ ሸማች ወደ ድሃው ማዛወር ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ፤ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለ፤ የምግብ ደረጃዎችም ተዘጋጅተዋል። ይሁንና ተቆጣጣሪው ከባልትና ቤት ደጃፍ ደርሶ ዱቄት ቢወስድ እንኳ የሚያገኘው ከወራት በፊት በሌላ ሰው መጋዘን የተፈጸመውን ነው። ሻጯ ራሷ ከወፍጮ ቤት ወይም ከጅምላ ሻጭ የገዛች ስለሆነች ከማንም በላይ የምታውቀው ነገር የላትም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ዱቄቱ ዱቄት ከመሆኑ በፊት፣ ዛላው ከመኪና በሚወርድበት መጋዘን ነው።

ለዚህ ደግሞ ከባድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ለቡናና ለሰሊጥ ነጋዴ የእርጥበት መለኪያ እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያልፈው ምርት እርጥበቱ ተለክቶ ነው ደረጃ የሚሰጠው። በርበሬ ተራም ይህንኑ መሣሪያ መጠቀም የሚከለክለው የለም። ዋጋው “በ10 በመቶ እርጥበት ይህን ያህል” ተብሎ ከተቆረጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ክብደት ከሒሳቡ ይቀነሳል። ያን ጊዜ ውሃ የሚያርከፈክፈው ሰው የራሱን ጉልበት ያባክናል እንጂ አያተርፍም። ጆንያውን ከሲሚንቶ ወለል አንስቶ በርብራብ ላይ መደርደርና ከግድግዳው ማራቅም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የፋጉሎ ነጋዴውም እንደዚሁ ነው፤ ወተት አቀነባባሪዎች ከአርቢው ጋር ሲዋዋሉ መኖውን ከየት እንደገዛ ቢጠይቁ ጥያቄው ዞሮ መጭመቂያ ቤቱ ይደርሳል።

ጭማሪ ዋጋ ሲከፈል ገበሬው እንደሚለወጥ ከናይጄሪያ ማየት ይቻላል። በዚያ አገር አፍላሴፍ የተባለ ዝግጅት አለ። መርዝ የማያመነጭ የዚያው ሻጋታ ዘር ማሳ ላይ ተበትኖ መርዘኛውን ቦታ ያስለቅቀዋል። አግሪዛልትስ በተባለው ፕሮግራም በዚህ መንገድ ለተመረተ እያንዳንዱ ቶን በቆሎ 18.75 ዶላር ማበረታቻ ይከፈል ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለስልጠና ወይም ለስብሰባ ሳይሆን ተመዝኖና ተመርምሮ ለቀረበ እህል መሆኑ ነው ልዩነቱ።

የእኛ ሸማች ይህን ጭማሪ ይከፍላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከነጋዴዎች ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። ከላይ ባሰላነው ዋጋ ጭማሪው በኪሎ 14 ብር ገደማ ነው። በዓመት 10 ኪሎ በርበሬ የሚበላ የለቡ መብራት ኃይል ቤተሰብ 140 ብር ይጨምራል። ይህንኑ 140 ብር ግን ዛሬም እየከፈለ ነው፤ የሚሰጠው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በመሆኑ ነው ያልታወቀው። አዲሱ ዛላ ከጥቅምት እስከ ጥር ወደ ገበያ ይገባል፤ መለኪያውን ቀድሞ ገዝቶ በመጋዘኑ በር ላይ የሚያቆም ነጋዴ በዚያ ወቅት ከማን መግዛት እንደሌለበት ያውቃል።